ድግስ ማሳመር ትችያለሽ ይሉኛል፤ ሙያዬ ላድርገው ወይ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የሂሳብ ባለሙያ ነኝ፤ 28 ዓመቴ ነው። ላለፉት አራት ዓመታት የጓደኞቼን ሠርግ፣ የመሥሪያ ቤታችንን የዓመት መጨረሻ ፕሮግራምና ሁለት ጊዜ ደግሞ ስልጠና አዘጋጅቻለሁ። ሰው ሁሉ ‹አንቺ ለዚህ የተፈጠርሽ ነሽ› ይለኛል። ሥራዬን ትቼ ኢቨንት አዘጋጅ ለመሆን እያሰብኩ ነው። እውነት ራሱን የቻለ ሙያ ነው? ዲግሪ ይጠይቃል ወይስ ተሰጥዖ ይበቃል? እርስዎ በሥራው ረጅም ጊዜ ስለቆዩ በግልጽ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ዓይኔ የቀረው «ለዚህ የተፈጠርሽ ነሽ» የሚለው ላይ ነው። እኔም ወደዚህ ሥራ የገባሁት ሰዎች ይህንኑ ብለውኝ ነው። ሰዎቹ አልዋሹም፤ ያዩት ግን የሥራውን ትንሹን ክፍል ነበር። ይህን ለመረዳት ብዙ ዓመትና የማልረሳቸው ጥቂት ሌሊቶች አስፈልገውኛል።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። አዎ፣ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ዲግሪ የግድ አይደለም፤ መማር ግን የግድ ነው። ተሰጥዖ ይረዳል፤ ብቻውን አይበቃም። የሂሳብ ሥራሽን ዛሬ እንዳትለቂ። አሁን ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርሽ።

እንግዶችሽ ያመሰገኑሽ ባዩት ነገር ነው። መድረኩ አምሯል፣ በፈገግታ ተቀብለሻቸዋል፣ ሙዚቃው ደስ ብሏቸዋል። ይህ እውነተኛ ችሎታ ስለሆነ አላናንቀውም። ሙያው የሚፈተነው ግን እንግዳው ሊያየው በማይገባው ነገር ነው። ተናጋሪው ቀርቶ ታዳሚው ሳያውቀው ፕሮግራሙ ከቀጠለ፣ መብራት ሄዶ ድምፁ ካልተቋረጠ፣ ሰው ወድቆ ሐኪም በሦስት ደቂቃ ከደረሰ በዚያ ቤት ባለሙያ ነበር ማለት ነው። ለዚህ ማንም አያጨበጭብም። ሳይጨበጨብልሽ በሠራሽው ሥራ መርካት ትችያለሽ ወይ? ይህን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺ፤ ከሁሉም አስቀድመሽ።

ይህን ሥራ ከሌላው የሚለየው ቀኑ አለመነቃነቁ ነው። ግንባታ ቢዘገይ ጊዜው ይራዘማል። ፊልም ሲቀረጽ ተዋናይ ቢሳሳት ትዕይንቱ ይደገማል። አንቺም ሪፖርትሽ ላይ ስህተት ብታገኚ አርመሽ ትልኪዋለሽ። ከጠዋቱ 3:00 ይጀመራል ተብሎ የተጠራ ጉባኤ ግን 3:00 ሲሆን ሰዎቹ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ማይክሮፎኑ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት የሙያችንን ተቃራኒ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ስለዚህ ባለሙያ የሚያቅደው ከዕለቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ ነው። በሩ 2:00 ላይ የሚከፈት ከሆነ የድምፅ ሙከራው 1:00 ላይ ማለቅ አለበት። ሙከራው በሰዓቱ እንዲያልቅ መሣሪያው ማታውኑ ተተክሎ ማደር አለበት። ማታ እንዲተከል አዳራሹ ከቀኑ 10:00 ጀምሮ በእጃችን መግባት አለበት። ይህ ደግሞ በኪራይ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ከእኛ በፊት የተከራየው ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ሊቆይበት ይችላል። አየሽ፣ የጠዋቱ ማይክሮፎን ዕጣ የሚወሰነው ከወራት በፊት በተፈረመ ውል ላይ ነው።

የሂሳብ ሰው ስለሆንሽ አንድ ስሌት ላሳይሽ። 400 ሰው የተጠራበት ጉባኤ አለ እንበል። አንድን ተሳታፊ ስሙን ከዝርዝር ፈልጎ ባጁን ሰጥቶ ለማስገባት 45 ሰከንድ ይፈጃል። አንድ የምዝገባ ጠረጴዛ በሰዓት 80 ሰው ያስገባል ማለት ነው። ሦስት ጠረጴዛ በሁለት ሰዓት 480 ሰው ስለሚያስገባ ወረቀት ላይ ከበቂ በላይ ይመስላል። ሰው ግን ተመጣጥኖ አይመጣም። ከአራቱ ሦስቱ፣ ማለትም 300ው፣ በመጨረሻዎቹ 40 ደቂቃዎች ቢመጣስ? በ40 ደቂቃ አንድ ጠረጴዛ የሚያስገባው 53 ሰው ነው። ሦስቱ በድምሩ 159 ሰው ያስገባሉ። መክፈቻው ሲጀመር 141 ሰው ደጅ ተሰልፏል፤ የክብር እንግዳው አንድ ሦስተኛው ወንበር ባዶ በሆነበት አዳራሽ ይናገራል። የሚያስፈልግሽ ስድስት ጠረጴዛ ነበር። በእንዲህ ያለ ጠዋት ሁሉም ሰው የምዝገባ ልጆቹን ሲቆጣ አያለሁ፤ ያዝናል ልቤ። ልጆቹ ምንም አላጠፉም። ያጠፋው አማካይ ቁጥር ይዞ ያቀደው ሰው ነው።

መግቢያ፣ ሰልፍ፣ መጸዳጃ፣ ጥላ፣ መቀመጫ፦ ሰው ከአንድ ዝግጅት ይዞት የሚሄደው ትዝታ በአብዛኛው ከእነዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ላይ የተካሄደው ታላቁ ኤግዚቢሽን ከስድስት ሚሊዮን በላይ ጊዜ ተጎብኝቷል። በዚያ ግዙፍ የመስታወት አዳራሽ ውስጥ ካሉት ድንቅ ማሽኖች ጎን ለጎን በውሃ የሚታጠቡ የሕዝብ መጸዳጃዎች ተተክለው ከ800 ሺህ በላይ ሰው አንድ አንድ ፔኒ ከፍሎ ተጠቅሞባቸዋል። ይህን ያሰበው ሰው የእኛ ሙያ ሰው ነበር፤ የሙያው ስም ያኔ ባይኖርም።

ከዚህ ሁሉ እቅድ የሚወጣው ዋናው ሰነድ የደቂቃ ሰሌዳ ነው። «ራን ሺት» የሚሉት አሉ። ለእንግዶች ከሚታደለው ፕሮግራም ጋር እንዳታምታቺው። ፕሮግራሙ «3:00 የመክፈቻ ንግግር» ብሎ ያበቃል። የደቂቃ ሰሌዳው ግን 2:52 ላይ ተናጋሪው ከመድረክ ጀርባ መገኘቱን፣ 2:55 ላይ የልብስ ማይክ እንደሚታሰርለት፣ 2:58 ላይ ሙዚቃው እየቀነሰ የአዳራሹ መብራት እንደሚደበዝዝ፣ 3:00 ላይ ስክሪኑ ላይ የትኛው ምስል እንደሚወጣ፣ እያንዳንዱንም ማን እንደሚያደርገው በስም ይናገራል። ብዙ ጀማሪዎች ሰዓት፣ ተግባርና ተጠሪ የሚሉ ዓምዶችን ሠርተው ይጨርሳሉ። እኔ አንድ ዓምድ እጨምራለሁ፤ ርዕሱም «ካልሆነስ?» ይላል። ተናጋሪው 2:52 ላይ ካልመጣስ? የማን ንግግር ይቀድማል? የመድረክ መሪው ስንት ደቂቃ ይሞላል? ይህን የሚወስነው ማን ነው? የዚህን ሙያ ልብ አሳዪኝ ብትዪኝ የማሳይሽ ይህን ዓምድ ነው። ያልተሞላ መስመር ካለ ቀኑ ሲደርስ ሰው በተጨናነቀበት፣ ሁሉም በሚጮህበት ሰዓት እዚያው ቆመሽ ትሞዪዋለሽ፤ ያኔ ደግሞ ጥሩ ሐሳብ አይመጣም።

ይህን ዓምድ የጨመርኩት ከአንድ ስህተቴ በኋላ ነው። በሥራው ሦስተኛ ዓመቴ ላይ የምሽት የሽልማት ዝግጅት ይዤ ነበር። ተጠባባቂ ጄኔሬተር ተከራይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ አስነሥተነው ድምፁን ሰምቼ፣ «ይሠራል» ብዬ በዝርዝሬ ላይ ምልክት አደረግሁ። ሌሊት መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሣ። ድምፁ፣ የመድረክ መብራቱና ትልቁ ስክሪን በአንድ ጊዜ ሲጫኑበት ግን መቋረጫው ወርዶ ጠፋ። ደግመን አስነሣነው፤ ደግሞ ጠፋ። 11 ደቂቃ ሙሉ አዳራሹ ጨለማ ነበር። ተሸላሚዋ ሴት መድረክ ላይ ቆማ ነበር፤ በስልክ መብራት ደግፈን አወረድናት። ሞተሩ መነሣቱን አይቻለሁ እንጂ ጭነት ላይ አልሞከርኩትም። የሁሉንም መሣሪያ የኃይል ፍጆታ ደምሬ ከጄኔሬተሩ አቅም ጋር አላስተያየሁም። ከዚያ ወዲህ ተጠባባቂ ማንኛውንም ነገር የምፈትነው ዋናው እንዲጠፋ አድርጌ፣ ሁሉም መሣሪያ በርቶ ሳለ ነው። ድምፁና መብራቱም ከተለያየ መስመር ኃይል እንዲያገኙ አደርጋለሁ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይተርፋል። ቢያንስ ሰው ማነጋገር ይቻላል።

«ሙያ ነው ወይ?» ላልሽው ልመለስ። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች ያሉ ባለሙያዎችና መምህራን የዘርፉን ዕውቀት አሰባስበው አንድ ማዕቀፍ ሠርተዋል። ሥራውን በአምስት ዘርፍ ይከፍለዋል፦ አስተዳደር፣ ንድፍ፣ ግብይት፣ የዕለት ሥራ ክንውንና የሥጋት አመራር። አንቺን ያስመሰገነሽ ንድፉ ነው፤ ከአምስቱ አንዱ። አስተዳደሩ ውስጥ በጀት፣ ውል፣ ግዥና የሰው ኃይል አሉ፤ እዚህ ላይ ከብዙ አመልካቾች ትቀድሚያለሽ። ሥጋቱ ላይ ደግሞ ምናልባት ምንም ልምድ የለሽም። ማዕቀፉ አንድን ዝግጅት ከመነሻ ሐሳቡ ጀምሮ እስከ መዝጊያው ባሉ አምስት ምዕራፎች ያየዋል፤ ጀማሪ የሚዘነጋው የመጨረሻውን ነው። ዝግጅቱ አለቀ የሚባለው እንግዳው ሲሄድ አይደለም። ዕቃው ተቆጥሮ ተመልሶ፣ ሁሉም ተከፍሎ፣ ሂሳቡ ለደንበኛው ቀርቦ፣ ቡድኑም ተቀምጦ ምን እንደተበላሸ ከተነጋገረ በኋላ ነው።

ዘርፉ አንድ ሥራ አይደለም፤ ብዙ ነው። ሠርግና የቤተሰብ ዝግጅት የሚሠራ ሰው ከስሜት ጋር ይሠራል፤ ደንበኛው ዝግጅቱን በሕይወቱ አንድ ጊዜ ነው የሚያደርገው። የጉባኤ አዘጋጅ ከመረጃ ጋር ይሠራል፦ ምዝገባ፣ በረራ፣ ማረፊያ፣ ትርጉም፣ የተናጋሪዎች ሰዓት። የኤግዚቢሽን ሰው የወለል ስፋት ሸጦ ነው የሚኖረው። ኮንሰርትና ፌስቲቫል የሚሠራ ሰው ከሕዝብ ብዛት፣ ከመድረክ ግንባታና ከአየር ጠባይ ጋር ይታገላል። ስፖርቱም ሌላ ዓለም ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ ደግሞ የተለያየ ወንበር አለ። አቃጁ ከደንበኛው ጋር ተቀምጦ ሐሳቡን ወደ በጀትና ጊዜ ይለውጣል። ፕሮዲውሰሩ መድረክ ላይ ለሚታየውና ለሚሰማው ኃላፊ ነው። የመድረክ ሥራ አስኪያጁ ዕለቱን በጆሮ ማዳመጫ እየመራ «መብራት አሁን፣ ድምፅ አሁን» ይላል። የአዳራሹ አስተባባሪ የአዳራሹ ሠራተኛ ነው፤ ምንም ያህል ቢተባበርሽ ያንቺን ዝግጅት የሚጠብቅልሽ እሱ አይደለም። ቴክኒክ ዳይሬክተሩ ኤሌክትሪኩን፣ ክብደቱን፣ ከጣሪያ የሚንጠለጠለውን ያውቃል። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት አንቺ ያየሽው ሁሉንም ወንበር አንድ ሰው ሲቀመጥበት ነው። በትንሽ ዝግጅት ይቻላል። ከ200 እና ከ300 ሰው ሲያልፍ አደገኛ ይሆናል፤ ዕለቱን የሚመራ ሰው አበባ ሲያስተካክል መገኘት የለበትምና።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልናገር፤ ብዙ ጎበዝ ልጆች ከዚህ ሙያ የወጡት ሥራው ከብዷቸው ሳይሆን ገንዘቡን ስላልተረዱት ነው። አዘጋጅ ክፍያውን በተለያየ መንገድ ይጠይቃል፦ ለሥራው በሙሉ ቁርጥ ዋጋ፣ ከጠቅላላ በጀቱ መቶኛ፣ ወይም በቀንና በሰዓት። መቶኛው ለጀማሪ ያጓጓል፤ ግን ወጪ ስትቀንሺ ገቢሽም አብሮ ስለሚቀንስ ከደንበኛሽ ጥቅም ጋር ያጋጭሻል። እኔ ቁርጥ ዋጋ እመርጣለሁ፤ የሚጨምር ሥራ ካለ የሚጨምርበትን ዋጋ አስቀድሜ በውሉ እጽፋለሁ።

አራተኛም መንገድ አለ፤ ከዚህ እንድትርቂ እለምንሻለሁ። አቅራቢው ሥራ ስላመጣሽለት በጎን የሚሰጥሽ ኮሚሽን ነው። ደንበኛው አውቆ በጽሑፍ ከተስማማበት አንድ የአከፋፈል ዓይነት ነው፤ ችግር የለውም። ተደብቆ ከሆነ ግን መጥፎውን ድምፅ መሣሪያ የመረጥሽው ስለተከፈለሽ ነው ማለት ነው። አቅራቢው ሥራውን ሲያበላሽ ደግሞ ልትቆጪው አትችዪም፤ ምስጢርሽን ይዟል። በሙያው ረጅም ዕድሜ ያላቸውን ሰዎች ሳስተውል አንድ የሚጋሩት ነገር አለ፦ አቅራቢዎቻቸው በሰዓቱ ይከፈላቸዋል፤ ከእነሱ ግን ምንም አይቀበሉም።

ትርፍና በእጅ ያለ ገንዘብ የተለያዩ መሆናቸውን ለአንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በኢቨንት ሥራ ግን ልዩነቱ ይገድላል። አዳራሹ ቅድመ ክፍያ ይፈልጋል፣ የመድረኩ ሰው ግማሹን አስቀድሞ ይላል፤ ደንበኛው «ከዝግጅቱ በኋላ እንከፍላለን» ካለሽ ዝግጅቱን የምታደርጊው አንቺ በብድር ነው። የመጨረሻው ክፍያ ከዕለቱ በፊት እንዲገባ ውሉን ሥሪ። ከዕለቱ በኋላ ጭብጨባው ሲያልቅ ክፍያ ማስፈጸም ሌላ ሥራ ይሆናል። ከበጀቱ ወደ 10 በመቶ የሚሆን መጠባበቂያ ያዢ፤ ደንበኛው «ይህ ምንድነው?» ብሎ ሊሰርዘው ሲሞክር አትስማሚ። የስረዛውንም አንቀጽ በደረጃ ጻፊው፦ ከ60 ቀን በፊት ቢሰረዝ ይህን ያህል፣ ከ14 ቀን በፊት ቢሰረዝ ይህን ያህል። ከአቅም በላይ ስለሆነ ምክንያት የሚናገረውን አንቀጽ ደግሞ ቃል በቃል አንብቢ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም ሲዘጋ ብዙ አዘጋጆች ውላቸው ውስጥ «ወረርሽኝ» የሚል ቃል ፈልገው አጡ። የዊምብልደን የቴኒስ ውድድር ያን ዓመት ተሰርዞ አዘጋጆቹ በእግራቸው የቆሙት ወረርሽኝን የሚሸፍን ኢንሹራንስ አስቀድመው ስለገቡ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ልምጣ። ስለዚህ ሲነሣ ድምፄ ይለወጣል ይሉኛል፤ ይለወጥ። ሰው ሰብስበሻል ማለት የሰውን አካልና ሕይወት ተረክበሻል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1979 በአሜሪካዋ ሲንሲናቲ ከተማ ኮንሰርት ሊገቡ በር ላይ ሲጠብቁ የነበሩ 11 ወጣቶች ሞተዋል። ቦታ ያልተመደበለት ሕዝብ ፊት ለመቆም ተሻምቶ በጥቂት በሮች ላይ ተጨናነቀ። ሐምሌ 24 ቀን 2010 በጀርመን ዱይስበርግ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ 21 ሰው ሞተ። የሚገባውና የሚወጣው ሕዝብ በአንድ ዋሻና በአንድ መወጣጫ ላይ ነበር የሚገናኘው። ኅዳር 5 ቀን 2021 በሂዩስተን የአስትሮወርልድ ፌስቲቫል ላይ 10 ሰው በመጨፍለቅ ሕይወቱን አጣ፤ ባለሥልጣናቱ አደጋው የብዙ ሰው ጉዳት ያለበት መሆኑን ካወጁ በኋላ እንኳ ትርዒቱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀጥሏል። (ቀኖቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዜናው «ሕዝቡ ደንግጦ ተረጋገጠ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱ እንዲህ አይደለም። ሰዎቹ የሚሞቱት ቆመው ሳሉ፣ ደረታቸው ተጨምቆ አየር መሳብ ስለሚያቅታቸው ነው። የሕዝብ እንቅስቃሴን በማጥናት የሚታወቀው መሐንዲስ ጆን ፍሩዊን እንደጻፈው በአንድ ካሬ ሜትር ወደ ሰባት ሰው ሲደርስ ሕዝቡ እንደ ፈሳሽ ይሆናል፤ ማንም ሰው በራሱ ፈቃድ አይንቀሳቀስም፤ አንዱ ጋ የተነሣ ግፊት እንደ ማዕበል ይሄዳል። ያኔ «ተረጋጉ» ብሎ በማይክ መለመን አይረዳም። መከላከል የሚቻለው ከዚያ በፊት ነው፦ መግቢያውን ከመውጫው በመለየት፣ ቦታው በካሬ ሜትር የሚይዘውን ሰው ቆጥሮ ትኬቱን በዚያ በመወሰን፣ ከፊት ያለው ሲጠጋጋ ከኋላ ያለውን መግቢያ የሚያስቆም ሰው በመመደብ።

መውጫን በተመለከተ አንድ ነገር ያዢ፦ ሰው በአደጋ ጊዜ የሚሮጠው ወደ ገባበት በር ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 በአሜሪካዋ ሮድ አይላንድ ግዛት አንድ የምሽት ክበብ በመድረክ ርችት ተቃጥሎ 100 ሰው ሲሞት ሌሎች መውጫዎች ነበሩ፤ አብዛኛው ሰው ግን በገባበት በር ሊወጣ ሲል እዚያው ታፈነ። ስለዚህ ቦታ ስትጎበኚ አዳራሹ ያምራል አያምርም ከማለትሽ በፊት እያንዳንዱን መውጫ በእጅሽ ገፍተሽ ክፈቺ። ከጀርባው ወንበር ተቆልሎ ካገኘሽ እስኪነሣ ድረስ ቆመሽ ጠብቂ።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 13 ቀን 2011 በኢንዲያና የግዛት ፌስቲቫል ላይ ኃይለኛ ነፋስ የመድረኩን ጣሪያ ጥሎ ሰባት ሰው ገድሏል። ምርመራዎቹ ሁለት ነገር አገኙ። የጣሪያው መዋቅር የሚጠበቅበትን የጥንካሬ ደረጃ አላሟላም። ደግሞም ማዕበሉ እየመጣ መሆኑ እየታወቀ ትርዒቱን የማስቆም ሥልጣን የማን እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። ሁለተኛውን ደጋግመሽ አንብቢው። ሁሉም ሌላው ሰው ይወስናል ብሎ ጠበቀ። የእኔ ቡድን ከአዳራሽ ውጭ ሲሠራ ሁለት ነገር በጽሑፍ አለው፦ ነፋሱ በመድረኩ ሠሪ የተጻፈውን ፍጥነት ሲያልፍ ምን እንደሚደረግ፣ እና «ይቁም» የሚለውን ቃል የሚናገረው ሰው ስም። ያ ሰው ደንበኛውን አይጠይቅም፤ አርቲስቱንም አይጠይቅም። ደንበኛው ይህን የሚፈርመው ዝግጅቱ ሊደርስ ወራት ሲቀሩት፣ ጸሐይ ወጥታ፣ ሁሉም ሰላም ሳለ ነው። አልፈርምም ያለ ደንበኛ አጋጥሞኝ ሥራውን ትቻለሁ፤ ገንዘቡ ያስፈልገኝ በነበረበት ጊዜ።

ስለ ትምህርት። በኢቨንት ሥራ አመራር ዲግሪ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች በዓለም ብዙ ናቸው፤ ዕድሉ ካለ ጥሩ ነው። አንቺ ግን አንድ ዲግሪ አለሽ፤ ሌላ ከመጀመርሽ በፊት የሙያ ምስክር ወረቀቶቹን ተመልከቺ። በጉባኤና ስብሰባ ዘርፍ በስፋት የሚታወቀው «ሲኤምፒ» (የተመሰከረለት የስብሰባ ባለሙያ እንደማለት) የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቷል፤ አሁን የሚያስተዳድረው ኢቨንትስ ኢንዱስትሪ ካውንስል ነው። ለፈተናው ለመቀመጥ በሙያው የሠራሽበትን ጊዜ ይጠይቅሻል፤ ይህም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዕለቱን ያልኖረበት ሰው በወረቀት ብቻ ባለሙያ መባል የለበትም። ከትልልቅ ደንበኞች ጋር መሥራት ካሰብሽ ደግሞ አይኤስኦ 20121 የሚባለውን የዝግጅቶች ዘላቂነት መለኪያ እወቂ፤ ከለንደን ኦሎምፒክ ጋር ተያይዞ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። ሁለት ተጨማሪ ነገር ብትማሪ የምትጠቀሚው የመጀመሪያ ዕርዳታና መሠረታዊ ኤሌክትሪክ ነው። ገመድ ልትዘረጊ አይደለም፤ ቴክኒሺያኑ «ይበቃል» ሲልሽ «ስንት ኪሎዋት ነው የተደመረው?» ብለሽ እንድትጠይቂ ነው።

ኑሮውንም ልንገርሽ። ሌላው ሰው ሲያርፍ ትሠሪያለሽ፤ የዓመቱ ሥራ በጥቂት ወራት ላይ ይከመራል፤ በቀሪው ደግሞ ስልክ ላይጮህ ይችላል። ዕለቱ 16 ሰዓት ቆሞ መዋል ሊሆን ይችላል። ቤተሰብሽ ይህን አውቆ ካልተቀበለው ይከብዳል። ከዝግጅቱ ማግስት የሚመጣ አንድ ባዶነት አለ፤ ሦስት ወር የኖርሽበት ነገር በአንድ ሌሊት ተፈትቶ መኪና ላይ ይጫናል። ይህ ደካማነትሽ አይደለም፤ ሁላችንም ጋ ይመጣል። እኔ ከትልቅ ዝግጅት ማግስት ምንም ውሳኔ አልወስንም።

ይህን ሁሉ ከሰማሽ በኋላ አሁንም ልብሽ ከፈቀደ እንዲህ አድርጊ። ደመወዝሽን ይዘሽ ለስምንትና ለዘጠኝ ወር ቅዳሜና እሑድን ለዚህ ስጪ። የራስሽን ዝግጅት ይዘሽ አትሂጂ፤ የሌላ ሰው ዝግጅት ላይ ከታች ግቢ። አንድ ጊዜ ምዝገባ ላይ ሥሪ፤ ሰው ሲጨናነቅ ፊቱ ምን እንደሚመስል እዚያ ትማሪያለሽ። አንድ ጊዜ ከመድረክ ሥራ አስኪያጅ ጎን ቁሚና ትዕዛዝ እንዴት በአጭር ቃል እንደሚሰጥ ስሚ። አንድ ጊዜ ደግሞ እንግዳ ከሄደ በኋላ መድረኩ ሲፈርስ እስከ ንጋት ቆዪ። የማፍረሻውን ሌሊት ሳያይ የመትከያውን ሰዓት በትክክል የሚገምት ሰው አላየሁም፤ የዕቃውን ክብደት፣ የመኪናውን ብዛት፣ የሠራተኛውን ድካም የምታውቂው እዚያ ነው። ሦስቱም የተለያየ ዓይነት ዝግጅት ቢሆኑ ይመረጣል፤ የትኛው ዓለም ያንቺ እንደሆነ ሰውነትሽ ራሱ ይነግርሻል። እስካሁን ካዘጋጀሻቸው የአንዱን ሂሳብ ደግሞ እንደ ባለሙያ ዝጊው፦ የታቀደው፣ የወጣው፣ የልዩነቱ ምክንያት፣ ያንቺም ጉልበት በሰዓት ተቆጥሮ። በጓደኝነት የሠራሽው ሠርግ ስንት ሰዓት እንደወሰደብሽ ስታዪ ዋጋሽን ማወቅ ትጀምሪያለሽ።

ደንበኛ ፊት መቀመጥ ስትጀምሪ ስለ ቀለምና ስለ አበባ ከመነጋገራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «ሰዎቹ ከዚህ ሲወጡ ምን እንዲያውቁ፣ እንዲሰማቸው ወይም እንዲያደርጉ ነው የፈለጋችሁት?» መልስ ከሌላቸው መልሱን አብራችሁ ፈልጉ፤ ያ ራሱ ሊከፈልሽ የሚገባ ሥራ ነው። መልስ ካላቸው በጀቱ ሲያጥር የትኛው እንደሚቆረጥ ከወዲሁ አወቅሽ ማለት ነው።

የሚቀጥለው ዝግጅትሽ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን የደቂቃ ሰሌዳውን ጽፈሽ በዚሁ በኩል ላኪልኝ፤ አነበዋለሁ። ሌላውን ዓምድ እንደተመቸሽ ሙዪው፤ የምመለከተው በመጀመሪያ «ካልሆነስ?» የሚለውን ነው።